ከአጣጥ ቁጥቋጦ እስከ ደም ሥር

ከአዲስ አበባው ሲግናል ሰፈር ወደ ሰሜን ሽቅብ ሲወጡ ከተማው ቀስ በቀስ ይሳሳል። ኮብልስቶኑ አልቆ አፈሩ ይጀምራል፤ የታክሲ ረዳቶች ጥሪ ይርቅና የባሕር ዛፍ ሽታ ይቀርባል። ጠዋት ጠዋት ከቁመታቸው የሚረዝም የቅጠልና የጭራሮ ሸክም አዝለው፣ ወገባቸውን አጉብጠው ከተራራው የሚወርዱ ሴቶች በዚህ በኩል ያልፋሉ። ሸክሙ በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው፤ በዐፄ ምኒልክ ዘመን በእንግድነት ገብቶ ዛሬ የየካንና የእንጦጦን ጋራ የወረሰ ዛፍ። ከእሱ በፊት የነበሩት ግን ጨርሰው አልጠፉም። በገደሉ አፋፍ፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ በወንዝ ዳር ጥዱ፣ ወይራው፣ ቀጋው፣ አጋሙና አጣጡ አሁንም አሉ።

አጣጥን ቆሞ የሚያየው የለም። ቁጥቋጦ ነው፤ አንዳንዱ ዝርያው እሾሃም፣ አበባው ደቃቅና ነጣ ያለ፣ ፍሬው ጥቃቅን። ሲቆረጥ ለአጥር ይሆናል፤ ሲደርቅ ይማገዳል። ሆኖም ከዚሁ ወገን የሆነ አንድ ዝርያ ከኢትዮጵያ ተለቅሞ ባሕር ተሻግሯል። ዛሬ በታላላቅ የዓለም ሆስፒታሎች ለጡት ካንሰር በደም ሥር ከሚሰጡ ውድ መድኃኒቶች የአንዱ ገዳይ ክፍል ዝርያው የሚቆጠረው ከዚያ ፍሬ ነው። ጉዞው ግማሽ ምዕተ ዓመት ፈጅቷል። መነሻው ደግሞ የጡት ካንሰር ሳይሆን የደም ካንሰር፣ ሉኪሚያ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ በተለይ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአይጥ ደም ላይ የተፈተኑ ዕፅዋት

በ1960 የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት ከሀገሪቱ የግብርና መሥሪያ ቤት ጋር ሆኖ አንድ ትልቅ ሥራ ጀመረ። ከዓለም ዙሪያ ዕፅዋትን እየሰበሰቡ፣ በአልኮልና በውሃ እየዘፈዘፉ፣ ጭማቂያቸው ካንሰርን ይገታ እንደሆነ መፈተን ነበር ሥራው። ፕሮግራሙ በ1982 እስኪቆም ድረስ ወደ 35,000 የሚጠጉ የዕፅዋት ናሙናዎች ተፈትነዋል። ከኢትዮጵያም ናሙና ሄዷል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከሀገራችን የተለቀመው የአንድ አጣጥ ፍሬ፣ በዚያን ጊዜ ሳይንሳዊ ስሙ ማይቴነስ ኦቫተስ፣ በኋለኛው አጠራር ማይቴነስ ሴራታ፣ ከእነዚያ ናሙናዎች አንዱ ነበር።

ፈተናው የሚደረገው በአይጥ ላይ ነው። ኤል 1210 እና ፒ 388 የሚባሉ የአይጥ ሉኪሚያ ሕዋሳት ወደ ጤነኛ አይጦች ይወጋሉ። ከፊሎቹ አይጦች የዕፁ ጭማቂ ይሰጣቸዋል፤ ከፊሎቹ አይሰጣቸውም። ከዚያ የትኛው ቡድን ስንት ቀን በሕይወት እንደቆየ ይቆጠራል። ሉኪሚያ የተመረጠበት ምክንያት ቀላል ነው። በሽታው በአይጥ ላይ ፈጥኖ ይሠራል፤ በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ነው፤ መልሱ በሳምንታት ውስጥ ይታወቃል። በሺህ የሚቆጠር ቅጠልና ሥር ለመፈተን ይህ ርካሽና ፈጣን መንገድ ነበር።

በዚህም ምክንያት በዚያ ዘመን የወጡ ብዙ ጥናቶች ርእሳቸው ላይ «ፀረ ሉኪሚያ» የሚል ቃል ይዘዋል። ቃሉ የሚናገረው ስለ አይጥ ነው። ዕፁ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አልጋ ላይ የተኛን ልጅ ያድናል ማለት አይደለም፤ የአይጥን ዕድሜ በተወሰኑ ቀናት አራዝሟል ማለት ነው። ይህን ልዩነት የዘነጋ ሰው ዛሬም በየማኅበራዊ ሚዲያው «ሳይንቲስቶች አረጋገጡ» እያለ ቅጠል ያሻሽጣል።

የአጣጡን ፍሬ የመረመረው በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ኬሚስት ሞሪስ ኩፕቻን ነው። ቡድኑ ጭማቂውን ደረጃ በደረጃ እየከፋፈለ፣ በየደረጃው እየፈተነ፣ የማይሠራውን እየጣለ ሄዶ በ1972 የሚሠራውን ነገር ለይቶ አሳተመ። ስሙንም ከዕፁ ስም ወስዶ ማይታንሲን አለው። ሁለት ነገሮች አስገራሚ ነበሩ። አንደኛው ብርታቱ ነው፤ በአይጥ ላይ የሚሠራው በኪሎ ግራም ክብደት በማይክሮግራም በሚለካ፣ ማለትም በግራም ሚሊዮንኛ በሚቆጠር መጠን ነበር። ሁለተኛው ማነሱ ነው፤ ከአንድ ኪሎ የዕፁ ክፍል የተገኘው ማይታንሲን 0.2 ሚሊግራም ብቻ ነበር። በዚህ ስሌት አንድ ቶን አጣጥ ቢፈጭ የሚገኘው ከአንድ ግራም ሩብ እንኳ አይሞላም።

ለሰው ሙከራ የሚበቃ መጠን ለማግኘት ሌላ ዘመድ ዝርያ ተፈለገ። በኬንያ ሺምባ ሂልስ የሚበቅለው ማይቴነስ ቡካናኒ የተሻለ ምርት ይሰጥ ስለነበር ብዙ ቶን ከዚያ ተቆርጦ ሄደ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ማይታንሲን ለካንሰር ሕሙማን መሰጠት ተጀመረ። ውጤቱ ግን ተስፋውን አልተከተለም። ሕሙማኑ ክፉኛ አስመለሳቸው፤ ተቅማጥ ያዛቸው፤ ነርቫቸው ተጎዳ። ካንሰሩን ለማዳከም የሚበቃው መጠንና ሰውየውን የሚጎዳው መጠን እጅግ ተቀራረቡ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሙከራው ቆመ፤ የአጣጡም መድኃኒት በመደርደሪያ ላይ ቀረ።

የዋጊኖስ ነገር

ኩፕቻን ከኢትዮጵያ ዕፅዋት የመረመረው አጣጥን ብቻ አልነበረም። በ1973 ሌላ ፀረ ሉኪሚያ ውሁድ አሳተመ፤ ብሩሴአንቲን ይባላል። የተገኘው በአማርኛ ዋጊኖስ ወይም አባሎ ከሚባለው ዛፍ ነው።

ዋጊኖስ ወደ አውሮፓ የገባው ከዚያ በሁለት መቶ ዓመት ቀድሞ ነው። ከ1769 ጀምሮ በሀገራችን የቆየው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በጎንደር ምዕራባዊ ጠረፍ ራስ ኤል ፊል በተባለ ቦታ ደም ያለበት ተቅማጥ ይዞት ነበር። የአካባቢው ሰዎች የሚጠቀሙበትን የዋጊኖስ ሥር ልጥ ወስዶ እንደዳነ በመጽሐፉ ጽፏል። ዘሩንም ይዞ ተመለሰ። ዕፁ በአውሮፓ ሲሰየም ብሩሴያ አንቲዲሴንቴሪካ ተባለ፤ የመጀመሪያው ክፍል የብሩስ ስም ነው፤ ሁለተኛው የበሽታው። የሥሩን ልጥ ያሳዩት ሰዎች ስም በየትኛውም ቦታ የለም።

የኩፕቻን ጥናትም ከዚህ ልማድ አልራቀም። የዛፉን ታሪክ የሚነግረን በአንድ ሐረግ ነው፤ በኢትዮጵያ ለካንሰር ሕክምና የሚያገለግል ዛፍ ነው ይላል። ማን ነው የሚያክመው? በየትኛው አውራጃ? ሥሩን ነው ቅጠሉን? በምን ያህል መጠን? ለየትኛው እብጠት? አንድ ባለመድኃኒት ከአባቱ ተቀብሎ ለልጁ የሚያወርሰው፣ ምናልባትም በሦስት ትውልድ የተፈተነ ዕውቀት በዚያች ሐረግ ተጠቃለለ።

የብሩሴአንቲን ዕጣ ከማይታንሲን ብዙም አልተለየም። የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው፤ ሕዋሱ ፕሮቲን የሚገጣጥምበትን ራይቦሶም የተባለውን ክፍል ያስቆማል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሕሙማን ላይ ሲሞከር የደም ግፊት አወረደ፤ አስመለሰ፤ እብጠቶቹ ግን አልቀነሱም። ከሃያ ዓመት በኋላ በቺካጎ የነበሩ ተመራማሪዎች እንደገና አንሥተውት ብሩሴአንቲንና ዘመዱ ብሩሳቶል በሉኪሚያ ሕዋሳት ውስጥ ሲማይክ የተባለውን ዕድገት የሚያፋጥን ጂን ዝቅ እንደሚያደርጉ አሳይተዋል፤ በአይጥ ላይም ማልቲፕል ማየሎማ የተባለውን የመቅኔ ካንሰር ቀንሷል። ከዚያ ወዲህ የሰው መድኃኒት ሆኖ አልወጣም።

ባለመድኃኒቶቻችን ዋጊኖስን የሚፈሩት ያለምክንያት አይደለም። መራራ ነው፤ ብርቱ ነው፤ ሲበዛ ይጎዳል። የቨርጂኒያው ኬሚስትና የገጠሩ ባለመድኃኒት በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ይህ ዕፅ መርዝ ነው። ሁለቱን የሚለያቸው መጠኑን የሚያውቁበት መንገድ ነው። አንዱ በቁንጢጥና በጭብጥ ይሰፍራል፤ ሌላው በሚሊግራም ይመዝናል። የቁንጢጡ ሰው ዘንድሮ የቆረጠው ሥር ካምና ከቆረጠው ምን ያህል እንደሚበረታ የሚያውቅበት መሣሪያ የለውም። የሚሊግራሙ ሰው አለው፤ እሱም ቢሆን በሁለቱም ዕፅዋት ተሸንፏል።

በጥቁር አንበሳ የሚንጠባጠበው አበባ

የሚሊግራሙ ሰው ያልተሸነፈበት አንድ ዕፅ ግን አለ። በየግቢው፣ በተለይ ሞቅ ባሉ ከተሞች፣ ለጌጥ የሚተከል ሐምራዊና ነጭ አበባ ነው፤ ሀገሩ ማዳጋስካር፣ ሳይንሳዊ ስሙ ካታራንተስ ሮዝየስ። በካሪቢያን ደሴቶች ለስኳር በሽታ ሻይ ሆኖ ይጠጣ ነበር። በ1950ዎቹ በካናዳ ዌስተርን ኦንታሪዮ ዩኒቨርሲቲ ሮበርት ኖብልና ቻርልስ ቢር ከጃማይካ የተላከላቸውን ቅጠል በአይጦች ላይ ለስኳር በሽታ ፈተኑት። የደም ስኳር አልቀነሰም። አይጦቹ ግን በኢንፌክሽን መሞት ጀመሩ፤ ምክንያቱ ሲመረመር ነጭ የደም ሕዋሳቸው ክፉኛ ወርዶ ተገኘ።

ለስኳር በሽታ ውድቀት የሆነው ነገር ለሉኪሚያ ተስፋ ሆነ። ነጭ የደም ሕዋስን የሚያወርድ ነገር፣ ነጭ የደም ሕዋስ ከልክ በላይ በሚበዛበት በሽታ ላይ ምን ያደርግ ይሆን? ቡድኑ በ1958 ቪንብላስቲንን ለይቶ አሳወቀ። በኢላይ ሊሊ ኩባንያ የሚሠራው ጎርደን ስቮቦዳ በራሱ መንገድ ከዚሁ አበባ ተነሥቶ ሁለተኛውን፣ ቪንክሪስቲንን፣ አወጣ። ቪንክሪስቲን በ1963 በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ። እነሆ ከስድስት አሥርት ዓመታት በኋላም የአብዛኛው የልጆች ሉኪሚያ ሕክምና ያለ እሱ አይጀመርም።

የልጆች ሉኪሚያ አብዛኛውን ጊዜ አኪዩት ሊምፎብላስቲክ የሚባለው ዓይነት ነው። መቅኔ ውስጥ የሚሠሩ ነጭ ሕዋሳት ሳይበስሉ ይባዛሉ፤ ቦታውን ይሞሉታል፤ ለቀይ ሕዋስና ለፕላትሌት ስፍራ አይተዉም። እናት የምታየው የዚህን ውጤት ነው፤ ልጁ ይገረጣል፤ ይደክመዋል፤ አፍንጫው ይደማል፤ ሳይመታ ገላው ይበልዛል፤ አጥንቱን ያመዋል፤ ትኩሳቱ ይመላለሳል። ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ ወባ ወይም ታይፎይድ ነው ይባላል።

ቪንክሪስቲን የሚሠራውን ለመረዳት ከእንጦጦ ሥር ሽሮ ሜዳ ያሉትን ሸማኔዎችና የሚፈትሉላቸውን ሴቶች ማሰብ ይበቃል። ሕዋስ ለሁለት ከመከፈሉ በፊት ከቱቡሊን ፕሮቲን ጥቃቅን ክሮች ይፈትልና እንደ እንዝርት ያለ ቅርጽ ይሠራል፤ ክሮሞሶሞቹ በእነዚያ ክሮች ተጎትተው ወደ ሁለት ወገን ይሄዳሉ። ቪንክሪስቲን ቱቡሊኑን ይይዘዋል፤ ክሩ አይፈተልም፤ ሕዋሱ መሐል መንገድ ላይ ቀርቶ ይሞታል። ፈጥኖ የሚከፈለው የካንሰር ሕዋስ በብዛት ይመታል። የአጣጡ ማይታንሲንም ቱቡሊንን የሚይዘው ከዚሁ ስፍራ አጠገብ ነው፤ ልዩነቱ በላቦራቶሪ ሲለካ ከቪንክሪስቲን በመቶ እጥፎች የሚበረታ መሆኑ ነው።

በጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሕፃናት ካንሰር ክፍል የሚሰጠው ቪንክሪስቲን በጥቂት ሚሊ ሊትር የሚለካ ጥርት ያለ ፈሳሽ ነው። መጠኑ በልጁ የገላ ስፋት ይሰላል፤ በአንድ ካሬ ሜትር 1.5 ሚሊግራም፣ ልጁ ትልቅ ቢሆንም በአንድ ጊዜ ከ2 ሚሊግራም አለማለፉ ነው የተለመደው። የሚሰጠው በደም ሥር ብቻ ነው። በስሕተት በአከርካሪ በኩል ወደ ኅብለ ሰረሰር ፈሳሽ ከገባ ይገድላል፤ ስለዚህም ዕቃው ላይ ማስጠንቀቂያ ይጻፍበታል። በትክክለኛው መንገድ ሲሰጥም እግር ያደነዝዛል፤ ሆድ ያደርቃል፤ አንዳንድ ልጅ የእግሩን ጫፍ ማንሣት ያቅተዋል። ከዚሁ አበባ አንድ ግራም ቪንብላስቲን ለማግኘት ግማሽ ቶን ያህል የደረቀ ቅጠል ያስፈልጋል። ያንን ሁሉ ቅጠል ወደ አንዲት ጠብታ ያመጣት ምዘና ነው፤ ጠብታዋን ከመርዝነት አውጥቶ መድኃኒት ያደረጋትም እሱ ነው።

ቪንክሪስቲን ብቻውን አያድንም። ከፕሬድኒሶሎን፣ ከባክቴሪያ ከሚገኘው አስፓራጂኔዝ፣ እንዲሁም በአፈር ባክቴሪያ ከሚሠራው ዳውኖሩቢሲን ጋር ይጣመራል፤ ሕክምናው ሁለትና ሦስት ዓመት ይወስዳል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከዚህ በሽታ የሚተርፍ ልጅ እጅግ ጥቂት ነበር። ዛሬ በበለጸጉ ሀገሮች ከአሥር ልጆች ዘጠኙ ያህል ይድናሉ። በእኛ ሀገር ቁጥሩ ከዚህ ያንሳል፤ ምክንያቱ ግን መድኃኒቱ በኢትዮጵያውያን ላይ አለመሥራቱ አይደለም። ልጆች ዘግይተው ይመጣሉ፤ መድኃኒት ይቋረጣል፤ ኢንፌክሽን ይቀድማል፤ ከገጠር የመጣ ቤተሰብ ለሁለት ዓመት አዲስ አበባ መቆየት አቅቶት ሕክምናውን ትቶ ይመለሳል። በሉኪሚያ ባረፈ ልጃቸው ስም ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን በ2004 የመሠረቱት ወላጆች ይህን ከራሳቸው ኀዘን ተነሥተው ነው የተጋፈጡት።

ፀረ ሉኪሚያው ወደ ሌላ በሽታ ሲሄድ

ማይታንሲን በመደርደሪያ ላይ በቆየበት ጊዜ ሁለት ነገሮች ተለወጡ። በ1977 የጃፓኑ ታኬዳ ኩባንያ ተመራማሪዎች ከማይታንሲን ጋር እጅግ የሚመሳሰሉ አንሳሚቶሲን የተባሉ ውሁዶችን አንድ ባክቴሪያ እንደሚያመርት አሳወቁ። ከዚያ በኋላ ዛፍ መቁረጥ አስፈላጊ አልሆነም፤ ባክቴሪያውን በጋን ማሳደግ በቃ። ከዚህም አልፎ የአጣጥ ዘመድ በሆነ የደቡብ አፍሪካ ቁጥቋጦ ላይ የተደረገ ጥናት ማይታንሲንን የሚያመርቱት በሥሩ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች መሆናቸውን አመለከተ። ቁጥቋጦው አስጠጊ እንጂ አምራች አልነበረም ማለት ነው። ይህ ለጥበቃ ሥራ ትልቅ ትርጉም አለው፤ ጋራ ሲራቆት የሚጠፋው ዛፉ ብቻ ሳይሆን ከሥሩና ከአፈሩ ጋር ያለው ረቂቅ ነዋሪ ሁሉ ነው።

ሁለተኛው ለውጥ የማድረሻው መንገድ ነው። ማይታንሲን ሰውን የጎዳው ያለ ልዩነት በየሕዋሱ ስለሚገባ ነበር። በቦስተን አካባቢ የነበረው ኢሚዩኖጄን ኩባንያ ማይታንሲንን በጥቂቱ ለውጦ ዲኤም 1 የተባለ ተጣባቂ ዓይነት ሠራ፤ ይህም የካንሰር ሕዋስን ገጽታ ለይቶ በሚይዝ አንቲቦዲ ላይ ተሰካ። አንቲቦዲው ሕዋሱን ያገኘዋል፤ ሕዋሱ ይውጠዋል፤ መርዙ ውስጥ ገብቶ ይፈታል። በዚህ መንገድ ከጄነንቴክ ጋር የተሠራው ትራስቱዙማብ ኤምታንሲን፣ በንግድ ስሙ ካድሲላ፣ ሄር 2 የተባለው ፕሮቲን ለበዛበት የጡት ካንሰር በየካቲት 2013 በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ። 991 ሕሙማን በተሳተፉበት ሙከራ ይህን መድኃኒት ያገኙት ሰዎች መካከለኛ (ሚዲያን) የመኖሪያ ጊዜ 30.9 ወር ሲሆን በሌላው ሕክምና ላይ የነበሩት 25.1 ወር ነበር። በ2022 ደግሞ ሌላ የማይታንሲን ዘመድ የተሰካበት ሚርቬቱክሲማብ ሶራቭታንሲን ለእንቁልጢ ካንሰር ተፈቀደ።

ሉኪሚያስ? በዚሁ ብልሃት ሲዲ 19 በተባለው የሕዋስ ፕሮቲን ላይ ያነጣጠረ ኮልቱክሲማብ ራቭታንሲን የተባለ መድኃኒት በሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያ ሕሙማን ላይ ተሞከረ፤ ውጤቱ ዝቅተኛ ስለነበር ተቋረጠ። ማይሎይድ ለተባለው ሌላ የሉኪሚያ ዓይነት የተሠራው ኤቪኢ 9633 የተባለውም አልዘለቀም። በአይጥ ሉኪሚያ ተለይቶ የተገኘው መድኃኒት ያገለገለው ለጡትና ለእንቁልጢ ካንሰር ነው። ይህ የማይታንሲን ብቻ ዕጣ አይደለም። በ1966 ከቻይና ዛፍ የወጣው ካምፕቶቴሲንም መጀመሪያ የሉኪሚያ መድኃኒት ተብሎ ተበሠረ፤ ዛሬ ልጆቹ የሆኑት ቶፖቴካንና ኢሪኖቴካን ይበልጥ የሚታወቁት በእንቁልጢና በትልቁ አንጀት ካንሰር ነው። በተቃራኒው ከቻይና የመጣው ሆሞሃሪንግቶኒን በሀገሩ ለሉኪሚያ ሲያገለግል ቆይቶ በ2012 ሥር ለሰደደ ማይሎይድ ሉኪሚያ በአሜሪካም ተፈቅዷል። ለዚሁ በሽታ በጥቁር አንበሳ ብዙ ሕሙማንን በሕይወት ያቆየው ኢማቲኒብ ደግሞ ከማንኛውም ዕፅ አልመጣም፤ በላቦራቶሪ የተነደፈ ነው።

አጣጡን የሚያውቀው ማን ነው?

ኢትዮጵያ በዚህ ታሪክ ውስጥ ያላት ድርሻ ፍሬ ማቀበል ብቻ አልነበረም። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው በስዊድን ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ሥራቸውን ያደረጉት በዚሁ በአጣጥ ወገን ላይ ነው፤ በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካና በዐረቢያ ያሉትን የማይቴነስ ዝርያዎች በ1985 ባሳተሙት ጥናት ለይተው አስቀምጠዋል። ይህ ተራ ሥራ አይደለም። በየገጠሩ አጣጥ ተብሎ የሚጠራው ከአንድ በላይ ዝርያ ነው። ኬሚስትሪያቸው አንድ አይደለም፤ የአንዱ ቅጠል ያለውን የሌላው ላይኖረው ይችላል። ዝርያው በትክክል ካልታወቀ የሚሊግራሙ ምዘና ራሱ ከንቱ ነው። በአራት ኪሎ የሚገኘው ብሔራዊ ሐርባርየም (የደረቁ የዕፅዋት ናሙናዎች ማከማቻ) ከ1959 ጀምሮ፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ ፕሮጀክትም ከ1980 እስከ 2009፣ የሀገሪቱን 6,000 ያህል ዕፅዋት ሲመዘግቡ የሠሩት ይህን መሠረት ነው። ከየካ ምዕራብ በዚያው በእንጦጦ ሰንሰለት ላይ ያለው የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከልም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በከተማው አስተዳደር የጋራ ጥረት የተቋቋመ ነው።

በኬሚስትሪውም በኩል ፕሮፌሰር ኤርሚያስ ዳኜ በ1984 ከተመሠረተው ናፕሬካ ከተባለው የምሥራቅና መካከለኛ አፍሪካ የተፈጥሮ ውሁዶች ምርምር መረብ ጋር ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ከዚያም በፊት ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፍፈው አይተው፣ ያንን ዕይታ በቢልሃርዚያ ላይ ወደሚደረግ ሳይንስ ለውጠዋል። የዶክተር አክሊሉ ዕድሜ ያለቀው እንዶድ ይሠራል ብሎ በማረጋገጥ ብቻ አልነበረም፤ የሰውን ደኅንነት የሚያሳየውን ምርመራ በኢትዮጵያ ላቦራቶሪ ሠርቶ ዓለም እንዲቀበለው በመታገልም ነበር።

የሕጉም ነገር ተለውጧል። አጣጡ በ1960ዎቹ ሲለቀም ከሀገር ከሚወጣ ዕፅ ጥቅም ስለ መጋራት የሚደነግግ ዓለም አቀፍ ስምምነት አልነበረም። የብዝሃ ሕይወት ስምምነት የተፈረመው በ1992 ነው፤ ኢትዮጵያም ስለ ጄኔቲክ ሀብትና የኅብረተሰብ ዕውቀት አርክቦት፣ ማለትም አገኛኘት፣ በራሷ አቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 482/1998ን አውጥታለች። ዛሬ አንድ የውጭ ቡድን የዋጊኖስ ሥር ይዞ ለመውጣት ፈቃድና የጥቅም መጋራት ውል ያስፈልገዋል። ሕጉ ግን ወደኋላ አይሠራም፤ ካድሲላም የሚሠራው በባክቴሪያ ምርት እንጂ በአጣጥ ፍሬ ስላልሆነ የሚጠየቅበት ፍሬ የለም። ትርፉ የሄደው መርዙን ወደ መድኃኒት ለመለወጥ አርባ ዓመት ላቦራቶሪ ከፍቶ ለቆየው ነው። ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። ዕፁን ማጠር ያስፈልጋል፤ የምዘናው ዕውቀት ከሌለ ግን አጥሩ ብቻውን ምንም አያመጣም።

ሾላና ጠበል ቤት

የካ ያለ ሰው ይህን ሁሉ ሳያነብም ከዕፅዋት ጋር ይኖራል። ሾላ ገበያ ከቅመማ ቅመሙ ጎን ዳማከሴው፣ ጤና አዳሙ፣ ፌጦው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ ቀበርቾው፣ ጥንጁቱ በትንንሽ ክምር ተደርድሮ ይሸጣል። በእንጦጦ ኪዳነ ምሕረትና ማርያም ደግሞ ከሀገሪቱ አራቱም ማዕዘን የመጡ ሕሙማን ጠበል ለመጠመቅ ይሰለፋሉ፤ ከመካከላቸው በካንሰር የተያዙ አሉ። ልጁ ሉኪሚያ ነው የተባለ ወላጅ ወደ ሁሉም በር ቢሮጥ አያስገርምም። ሐኪም ቢቆጣው ደግሞ የሚያደርገው መደበቅ ነው።

ችግሩም መደበቁ ላይ ነው። ቪንክሪስቲን በጉበት የሚፈርሰው ሲዋይፒ 3ኤ በተባሉ ኢንዛይሞች ነው። እነዚህን የሚያዘገይ ነገር ሲጨመር መድኃኒቱ ሳይፈርስ በደም ውስጥ ይቆያል፤ የነርቭ ጉዳቱም ይከፋል። ለፈንገስ የሚሰጡ አንዳንድ የሐኪም መድኃኒቶች ይህን እንደሚያደርጉ በደንብ ይታወቃል፤ ስለዚህ ሐኪሞች ይጠነቀቃሉ። ተቀቅሎ የሚጠጣ ሥር ምን እንደሚያደርግ ግን ሐኪሙ ሳይነገረው ሊጠነቀቅ አይችልም። ኢንዛይሞቹን የሚያፋጥን ዕፅ ከሆነ ደግሞ በተቃራኒው መድኃኒቱን ሳይሠራ ያስወጣዋል። ነጭ ሕዋሱ በሕክምናው ምክንያት የወረደበትን ልጅ ንጽሕናው ያልተጠበቀ ማንኛውም የሚጠጣ ነገር ለኢንፌክሽን ያጋልጠዋል። ስለዚህ ከሐኪሙ ወገን የሚጠበቀው ሳይቆጡ መጠየቅ ነው፤ «ሌላ የምትሰጡት ነገር አለ?» ብሎ። ከቤተሰቡ ወገን የሚጠበቀው መልሱን እውነት ማድረግ ነው፤ ከሁሉም በላይ ቪንክሪስቲኑን ለቅጠል ሲባል አለማቋረጥ። ቪንክሪስቲን ራሱ ቅጠል ነው፤ ልዩነቱ ስንት እንደሆነ መታወቁ ነው።

ለሀገሪቱ የቀረው ሥራ ከዚህ ይጀምራል። የባለመድኃኒቱ ዕውቀት ከስሙና ከመብቱ ጋር ይመዝገብ፤ ዝርያው በሐርባርየም ይለይ፤ ኬሚስትሪው በራሳችን ላቦራቶሪ ይመዘን፤ የሕሙማን ሙከራ በራሳችን ሆስፒታል በሕግና በሥነ ምግባር ይካሄድ። ይህ ሁሉ አሥርት ዓመታት የሚወስድ ነው፤ ከአጣጥ ፍሬ እስከ ካድሲላ ሃምሳ ዓመት ፈጅቷል። እስከዚያው ግን አዲስ ግኝት ሳይጠበቅ ዛሬውኑ ልጅ የሚያድን ሥራ አለ፤ በ1963 የተፈቀደው መድኃኒት ከመጋዘን እንዳይጠፋ ማድረግ፣ ከገጠር ለሚመጣ ቤተሰብ ማደሪያ ማዘጋጀት፣ የገረጣና የሚደማ ልጅ ያየ የጤና ጣቢያ ባለሙያ ወባን ብቻ ሳይሆን የደም ምርመራን እንዲያስብ ማሠልጠን። ሉኪሚያ ይዞት በዚህ ሳምንት ለሚመጣ ልጅ ከማንኛውም ያልተፈተነ ሥር ይልቅ ይህ ይቀርበዋል።